አሮጌ ሞተር ላይ ተጨማሪ መብራትና የመሪ ስዊች፦ ኮምቦልቻና ደሴ ስመላለስ የተማርኩት

ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ ደሴ እኖራለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። ማታ ከሥራ ስወጣ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቀኛል፣ ኩርባ በኩርባ። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ጉሙ መንገድ ላይ ወጥቶ ይቀበለኛል። ደሴን የሚያውቅ ሰው ጉሟን ያውቃል፤ አንዳንድ ማታ የራስህን የፊት ጎማ ለማየት ትቸገራለህ።

ሞተሬ ከጨረታ የገዛኋት አሮጌ ያማሃ ናት። ባለ 12 ቮልት። ኢንጅኗ ጤነኛ ነው፣ መብራቷ ግን ያስቸግር ነበር። ጋዝ ስሰጣት ይደምቃል፣ ስቀንስ ይደበዝዛል። ብርሃን አብዝቼ የምፈልገው ኩርባ ላይ ነው። ኩርባ ላይ ደግሞ ጋዝ ይቀነሳል። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትዞር የፊት መብራቷ እንደ ኩራዝ ይሆናል። ተጨማሪ መብራት ያስፈለገኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ግራ እጄ አጠገብ ሁለት ስዊች አለ። አንዱ ዝቅ ብለው ለተተከሉት ሁለት ቢጫ መብራቶች ነው፣ ሌላው ርቆ ለሚያበራው አንድ ነጭ መብራት። እዚህ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንደኛው ስህተት አደገኛ ነበር። አሁን ብዙ ሰው አሮጌ ሞተር ላይ ኤልኢዲ የሚባለውን መብራት ሲያስገጥም አያለሁ፤ እኔ የገባሁበት እንዳይገባ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቀላሉን ነው። ከረጅሙ መብራት ሽቦ ላይ ቀንጥቤ ለኤልኢዲዎቹ ሰጠሁ። ረጅሙ ሲበራ አብረው ይበራሉ፣ ሲጠፋ ይጠፋሉ፣ ስዊችም አያስፈልግም ብዬ። ሲበሩ ተንቀጠቀጡ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳልሰጣት፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ የፊት መብራቱም ከበፊቱ ባሰበት።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። በብዙ አሮጌ ትናንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ከባትሪ ጋር አይገናኝም። ኢንጅኑ ውስጥ ካለው ኤሌክትሪክ አመንጪ፣ ከማግኔቶው፣ በቀጥታ ይመጣል። ያ ከረንት ደግሞ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚመጣ ነው። ኤልኢዲ የሚፈልገው ባንድ አቅጣጫ የሚሄደውን፣ የባትሪውን ዓይነት ነው። ሪሌ የሚባለውን በከረንት የሚሠራ ስዊች ብታስገቡበትም አይድንም፤ ሪሌው ራሱ እንደ ንብ ይጮሃል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ኢንጅኑን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና የፊት መብራቱን አብሩ። ከበራ ከባትሪ ነው። ካልበራ፣ ኢንጅኑ ሲነሳ ብቻ የሚመጣና ከጋዙ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከማግኔቶው ነው፤ እሱን ሽቦ ተዉት።

ሁለተኛው ሙከራዬ የተሻለ መስሎኝ ነበር። ያማሃ ላይ ቡናማው ሽቦ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ባትሪ የሚያገኝ መስመር ነው። ክላክሱ ጋ፣ ከፊት፣ በቀላሉ ይገኛል። ከዚያ ወስጄ ወደ መሪው አወጣሁት፣ በስዊች አሳለፍኩት፣ ተመልሶ ወደ መብራቶቹ። በደንብ በራ። ደስ አለኝ። ቢጫዎቹ እያንዳንዳቸው 10 ዋት፣ ነጩ 20 ዋት ነው። ድምሩ 40 ዋት ለ12 ሲካፈል 3.3 አምፒር ነው። ያ ሁሉ በዚያች ርካሽ ስዊች ነው የሚያልፈው። ሌሊት ስደርስ ስዊቿን ስነካት ሞቅ ትል ነበር። ብርዱ ላይ ሙቀቱ ደስ ይል ስለነበር ነገሬም አላልኩት። ለብቻዋ ፊውዝም አላደረግኩላትም። ዋናው ፊውዝ አለ አይደል ብዬ።

ሦስት ሳምንት ሠራች።

ነሐሴ ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ሽቅቡን ጨርሼ ወደ ጉሙ ገብቻለሁ። ከኋላዬ አንድ ተሳቢ እያጓራ ይወጣል። የግራ ኩርባ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ጠፋ። ተጨማሪዎቹ መብራቶች፣ ክላክሱ፣ ፍሬቻው፣ የፍሬን መብራቱ፣ ሁሉም ባንዴ። ኢንጅኑ አልጠፋም፤ የፊት መብራቷም ከማግኔቶ ስለሆነ እንደ ልማዷ ጭል ጭል ትላለች። ግን ፍሬን ብይዝ ከኋላዬ ያለው ሹፌር አያይም፣ ክላክስ ብነካ ድምፅ የለም። ወርጄ ሞተሯን እየገፋሁ ወደ ጠርዙ አወጣኋት፣ የስልኬን መብራት ወደ ኋላ እያወዛወዝኩ ቆምኩ። ተሳቢው አጠገቤ ሲያልፍ የጎማው ነፋስ ካፖርቴን መታው። እጄ ሲንቀጠቀጥ አስታውሳለሁ። ያን ማታ ደሴ የገባሁት በእግሬ ፍጥነት ነው።

በማግስቱ ኮምቦልቻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ሰላምታ ተሰጣጥተን የሆነውን ነገርኳቸው። "አብሽር፣ አንተ ተርፈሃል፣ ሌላው ይሠራል" አሉኝ። ከዚያ ምንም ሳይፈቱ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው መሪዋን በአንድ እጃቸው ቀስ እያሉ ወደ ግራ አዞሩ። በሌላው እጅ ሌባ ጣታቸውን ሽቦዎቹ ላይ እያሳለፉ ይከተላሉ። አንገቱ ሥር፣ መሪው ከሻንሲው (ከሞተሯ ዋና ብረት) የሚገናኝበት ጋ፣ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ና እዚህ ጋ" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእኔ ቀይ ሽቦ መሪው የሚቆምበት ብረትና ሻንሲው መሃል ነበር የሚያልፈው። በዞርኩ ቁጥር ብረቱ ሲነክሰው ከርሟል። የላስቲኩ ልባስ የጥፍር ያህል ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቃል። ሻንሲው ኔጋቲቭ ነው። የተላጠው ፖዘቲቭ ሲነካው ዋናው ፊውዝ ተበጠሰ፤ የራሱ ፊውዝ ስለሌለው ቡናማው መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ሄደ።

ሽቦውን በሌላ መንገድ ላሳልፈው ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጋሼ፣ እና ምን ይሻላል?" አልኳቸው።

"ክላክሱን ፋብሪካው እንዴት እንደሠራው አይተሃል?"

አላየሁም። አሳዩኝ። ክላክሱ ላይ ሁለት ሽቦ አለ። ቡናማው ቁልፍ ከተከፈተ ጀምሮ ኃይል ይዞ ክላክሱ ላይ ቁጭ ብሏል። ሮዙ ወደ መሪው ይወጣል። የክላክሱ ቁልፍ ሲጫን የሚያደርገው ሮዙን ከኔጋቲቭ ማገናኘት ብቻ ነው። በአንገቱ በኩል ለክላክሱ ብሎ የሚያልፍ ኃይለኛ ሽቦ የለም። ሮዙ ቢላጥና ሻንሲ ቢነካ ክላክሱ ይጮሃል። ፊውዝ አይበጠስም፣ የሚቃጠልም የለም።

"አንገት ላይ ያለ ሽቦ አንድ ቀን ይላጣል ልጄ። የተላጠ ቀን ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ? መጀመሪያ እሱን ወስን" አሉኝ።

ሥራዬን ሁሉ የቀየረው ይህ ንግግር ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ መብራቱ ዋትና ስለ ስዊቹ መልክ ነበር የማስበው። ከዚያ ቀን በኋላ ሽቦው የት ጋ ሊላጥ እንደሚችል፣ ሲላጥ ምን እንደሚከተል ማሰብ ጀመርኩ። ሦስተኛውን ሥራ እሳቸው እያዩኝ በገዛ እጄ ሠራሁት።

ሁለት ሪሌ ገዛሁ፣ ለእያንዳንዱ ስዊች አንድ። ቦታቸው ባትሪው አጠገብ፣ ከጎን ሽፋኑ ውስጥ ነው። ሪሌ ማለት በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ስዊች ነው። የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው 0.15 አምፒር አካባቢ ነው የሚፈልጉት፤ መሪው ላይ ያለችው ስዊች አሁን የምትሸከመው ያችን ብቻ ናት። ሞቅ ማለቷ ቀረ። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው 30 ላይ ይገባል። ወደ መብራቱ የሚሄደው ከ87 ይወጣል። 86 ላይ ቡናማውን አስገባሁ። ቡናማው ከኋላም ስለሚገኝ፣ የእግር ፍሬኑ ስዊች ጋ፣ ወደ ፊት መሄድ አላስፈለገኝም። 85 ነው ወደ መሪው የሚወጣው፤ ስዊቹ እሱን ከኔጋቲቭ ያገናኘዋል። ልክ እንደ ሮዙ። አምስት እግር ያለው ሪሌ ከሆነ መሃል ላይ 87ኤ የሚል አለ። እሱ ሪሌው ሲጠፋ የሚበራ ነው። በስህተት መብራቱን እሱ ላይ ካደረጋችሁ ቁልፉን ዘግታችሁ ስትተኙ መብራቱ ይበራና ጠዋት ባትሪው ሞቶ ታገኙታላችሁ። እኔ በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ሸፈንኩት።

ቡናማ ሽቦ የያማሃ ነው። ሆንዳ ከሆነ በቁልፍ የሚከፈተው ጥቁሩ ሲሆን ኔጋቲቩ አረንጓዴ ነው። ብዙ የቻይና ሞተሮችም ይህንኑ ይከተላሉ። ሱዙኪ ላይ ብርቱካናማው በቁልፍ የሚከፈት ነው፣ ጥቁር ባለ ነጭ መስመሩ ኔጋቲቭ። ያማሃ ላይ ጥቁሩ ኔጋቲቭ ስለሆነ የያማሃን ልምድ ሆንዳ ላይ ይዞ የሚሄድ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ደግሞ አሮጌ ሞተር ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። የእኔ ፍሬቻ ላይ የስልክ ገመድ ቁራጭ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ቀለም ብቻ አትመኑ፤ በቴስተር ወይም በመሞከሪያ አምፑል ቁልፉን እየከፈታችሁ እየዘጋችሁ አረጋግጡ።

ፊውዙ ባትሪው ጋ ነው የሚሆነው፣ ቢበዛ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ቁራጭ ማንም የማይጠብቀው ነው። እኔ ለቢጫዎቹ አንድ፣ ለነጩ አንድ፣ ሁለቱንም ባለ 3 አምፒር አደረግኩ። አንድ ፊውዝ ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ግን አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዲሄድ አልፈልግም፤ ያቺን የነሐሴ ማታ አልረሳኋትም። ከባትሪው ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከመብራቶቹ የሚመለሰውን ኔጋቲቭ ደግሞ ሻንሲ ላይ ከማሰር እስከ ባትሪው ድረስ በራሱ ሽቦ መለስኩት። አሮጌ ሻንሲ ቀለሙና ዝገቱ ስለማያስተማምን።

የት እንደሚተከሉም አንገቱ ነው የወሰነው። ቢጫዎቹን ከታች፣ ኢንጅኑን ከሚከላከለው ብረት ላይ አሰርኳቸው። ሽቦዎቻቸው በአንገቱ አያልፉም ማለት ነው። ለጉምም የሚስማማው ዝቅ ማለታቸው ነው፤ ረጅም መብራት ጉም ውስጥ ስታበሩ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል፣ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን የተዘረጋው ግን የአስፋልቱን ጠርዝ ያሳያችኋል። ቢጫነቱ ለዓይኔ ይቀለኛል፣ ዝቅታው ግን ይበልጣል። ነጩ ከመሪው ጋር እንዲዞርልኝ ስለፈለግኩ የፊት መብራቱ አጠገብ ነው። የእሱ ሽቦ በአንገቱ ማለፉ ግድ ነው። የራሱ ፊውዝ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

አንገቱ ጋ የሚያልፈውን ሁሉ ባንድ ላይ ሰብስቤ በላስቲክ ቱቦ አለበስኩት። ከማሰሬ በፊት መሪውን ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሙሉ ለሙሉ ወደ ቀኝ አዞርኩ። በሁለቱም በኩል ሽቦው መወጠር የለበትም፣ መቆንጠጥም የለበትም። የማሰሪያውን ፕላስቲክ አንገቱ ላይ አታጥብቁት። ሽቦው እዚያ ጋ ትንሽ መንሸራተት አለበት፤ ጥብቅ ካለ በዞራችሁ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል፣ መዳቡም ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል።

መገጣጠሚያዎቹን በእርሳስ መበየድ ፈልጌ ነበር፣ ጋሼ አልፈቀዱልኝም። የተበየደው ጫፍ ይደርቃል፣ ደረቁ ከለስላሳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ በንዝረት ይሰበራል። በደንብ በሚጨብጥ ፒንሳ የተጨበጠ ተርሚናል ይሻላል። ካጨበጣችሁ በኋላ ጎትቱት፤ ከወጣ ድጋሚ። ናስትሮ ብቻውን አይበቃም። የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ሙጫው ይቀልጥና ይላቀቃል። ትንሽ ቫዝሊን ተርሚናሉ ላይ መቀባት ለዝናቡ ጥሩ ነው።

ወደ ስዊቹ ልምጣ። መጀመሪያ ቀኝ በኩል፣ ስፖኪዮው ሥር ላደርገው አስቤ ነበር። ስፖኪዮውን ስፈታ እምቢ አለኝ። ያማሃ የቀኝ ስፖኪዮው ጥርስ ግልባጭ ነው፤ እንደ ሌላው ለመፍታት ወደ ግራ ስታዞሩት ጭራሽ ይጠብቃል። ጥርሱን ልበላው ስል ነው የነቃሁት። ቦታውም ቢሆን ስህተት ነበር። ቀኝ እጅ ጋዝና የፊት ፍሬን ይይዛል። ከደሴ ቁልቁል ስትወርዱ ያ እጅ ለአንድ ሰከንድም መልቀቅ የለበትም። ግራው ላይ ፍሪሲዮን አለ፣ ግን አውራ ጣቱ ነፃ ነው። ስለዚህ ግራ፣ ከረጅም አጭር መቀየሪያው ጎን።

የመሪው ብረት 22 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለዚያ ልክ የተሠራ ባለ ማሰሪያ ስዊች ገዛሁ። ሥሩ ላይ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቀለልኩ፤ አይንሸራተትም፣ ብረቱንም አይፍቅም። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ስዊቾች አንድ ዓይነት አይሁኑ። የእኔ ቢጫው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፣ ነጩ ወደ ጎን የሚገፋ። ጓንት አድርጌ፣ ሳላይ፣ የትኛውን እንደያዝኩ አውራ ጣቴ ያውቃል። ከመወሰናችሁ በፊት ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሞክሩት። ፈልጋችሁ የምታገኙት ከሆነ ቦታው ገና ነው።

የስዊቹ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ወደ ታች ይሁን። ሽቦውም ስዊቹ ጋ ከመድረሱ በፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ዝናቡ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል። ግን ስዊች የሚገድለው ከዝናቡ ይልቅ ላቫጆ ነው። በግፊት የሚረጨው ውሃ ወደ ስዊቹ በቅርብ ሲመጣ የሚያቆመው የለም። እኔ ሁልጊዜ መሪውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲጠርጉልኝ እነግራቸዋለሁ።

ሲያልቅ ባትሪውን ለካሁ። ኢንጅኑ ጠፍቶ 12.6 ቮልት። ተነስቶ በመንገድ ጋዝ 14። ቢጫዎቹ ሲበሩ 13.5፣ ሁሉም ሲበሩ 13.1። ሚኒሞ ላይ ሁሉንም ሳበራ ግን ወደ 12.2 ወረደ፤ ያኔ ከባትሪው እየተበላ ነው። ስለዚህ ስቆም ነጩን አጠፋለሁ። የእናንተም ቁጥር በመንገድ ጋዝ ላይ ከ13 በታች ከሆነ የመብራቱን ዋት ቀንሱ። አሮጌ ሞተር የሚያመነጨው ውስን ነው።

አቅጣጫውን ማታ ግቢ ውስጥ አስተካከልኩ። ከግድግዳው 8 ሜትር ያህል ርቄ፣ ራሴ ተቀምጬባት፣ የብርሃኑ መሃል ከመብራቱ ቁመት ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት። ከላይ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር ኩርባ ላይ ዓይኑን ብታጠፉበት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። እኔ ከፊቴ መብራት ጭል ሲል ነጩን አጠፋለሁ። ጣቴ ለምዶታል።

እንዲህ ሆኖ ዓመት አለፈው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ጉም በሌለበት፣ ቢጫዎቹን ሳላበራ እየወጣሁ ነበር። የግራ ኩርባ ላይ መሪውን ሳዞር ቢጫዎቹ በራሳቸው ቦግ አሉ። መሪው ሲቃና ጠፉ። በሚቀጥለው ግራ ደግሞ ቦግ። ወዲያው ገባኝ፤ ወደ ስዊቹ የሚወጣው ሽቦ አንገቱ ጋ ተልጦ ሻንሲውን እየነካ ነው። ቆሜ ክላክሱን ሞከርኩ፣ ጮኸ። ፍሬኑን ይዤ ወደ ኋላ አየሁ፣ ቀዩ በርቷል። ከዚያ ስዊቹን ራሴ ከፈትኩትና ቢጫዎቹን እያበራሁ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ቱቦውን ስከፍተው የተላጠው የስንዴ ፍሬ ያህል ነበር። ቆርጬ አዲስ ሽቦ ቀጠልኩበት፣ ቱቦውንም ቀየርኩት፣ በ2 ሰዓት ሥራ ወጣሁ።